«ግራኝ ናት» የተባለችው ሕፃን፦ ከሐዋሳ አንድ የጉዳይ ጥናት

ሕፃኗ ወደ ኦኩፔሽናል ቴራፒ (የዕለት ኑሮ ሥራዎችን ለመሥራት የሚያግዝ ሕክምና) ክፍላችን የመጣችው 10 ወር ሲሞላት ነው። የሕፃናት ሐኪሟ የጻፈው የመላኪያ ወረቀት «የቀኝ ጎን ድክመት፤ ሴሬብራል ፓልሲ ይጠረጠራል» ይላል፤ ይህ በማደግ ላይ ያለ አንጎል ሲጎዳ የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር ነው። ይዘዋት የመጡት አያቷ በዚህ አልተስማሙም። «ልጅቷ ምንም የለባት፤ ግራኝ ሆና ነው። እሱንም እያስተውኳት ነው» አሉኝ። የሚያስተዉበት መንገድ ምግብ ሲቀርብ ግራ እጇን በነጠላ ቁራጭ ከሰውነቷ ጋር ማሰር ነበር።

ከብዙ ጉዳዮች መካከል ይህንን የመረጥኩት ለዚሁ ነው። እንዲህ ላሉ ሕፃናት በጥናት ከተፈተኑት ሕክምናዎች አንዱ ጤነኛውን እጅ ለተወሰነ ጊዜ መሸፈን ነው። ከሩቅ ለሚያይ ሰው አያትየዋና ቴራፒስቷ አንድ ሥራ የሚሠሩ ይመስላሉ። ልዩነቱ የቱ ጋ እንዳለ ከታየ፣ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ለጨቅላዎችና ድክ ድክ ለሚሉ ልጆች ምን እንደሚሠራም አብሮ ይታያል። ቤተሰቡ ጉዳዩ እንዲጻፍ ፈቅዷል፤ ማንነታቸውን የሚያሳብቁ ዝርዝሮችን ትቻለሁ።

ቤቱና ልጅቷ

እናትየዋ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ ስፌት ላይ ትሠራለች፤ አባትየው ባጃጅ ይነዳል። የሚኖሩት ከታቦር ተራራ ብዙም ሳይርቅ፣ ብዙ ተከራይ ባለበት ግቢ ውስጥ በአንድ ክፍል ቤት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ያ ሲያልቅ እናት ወደ ሥራዋ ተመለሰች፣ አያት ልጅ ሊይዙ ከሶዶ መጡ። ከዚያ ወዲህ ሕፃኗ ነቅታ የምታሳልፈው ጊዜ አብዛኛው ከአያቷ ጋር ነው። ይህን ከመጀመሪያው ማወቅ የሕክምናውን ግማሽ ይወስናል። እናትን ብቻ አስተምረን ብንሸኛት ኖሮ ትምህርቱ ፋብሪካ ውስጥ ውሎ ይገባ ነበር።

እርግዝናው ጊዜውን ጨርሷል። ምጡ ረጅም ነበር፤ ልጅቷ ግን እንደተወለደች አልቅሳለች። በሁለተኛው ቀን ቀኝ እጇና የአፏ ጥግ እየደጋገመ ይርገበገብ ጀመር። የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ገብታ መድኃኒት ተሰጣት፤ መርገብገቡ ቆመ፤ ወደ ቤት ተላከች። ክትትል ያስፈልጋታል ያላት ሰው እንደነበረ እናትየዋ አታስታውስም። ከዚያ የወጡት «ድናለች» ብለው ነው።

ጊዜዋን ጨርሳ በተወለደች ሕፃን ላይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በአንድ ጎን ብቻ እንዲህ ያለ መንቀጥቀጥ ሲታይ፣ ከሚታሰቡት ምክንያቶች አንዱ በወሊድ ሰሞን የሚደርስ ስትሮክ ነው። የአንጎል ደም ሥር ይዘጋል፤ በአብዛኛው የሚጎዳው ግራው የአንጎል ክፍል ስለሆነ የሚደክመው ቀኝ ጎን ይሆናል። የሚያዘናጋው ከዚያ በኋላ የሚመጡት ጸጥ ያሉ ወራት ናቸው። የሦስት ወር ሕፃን እጁን ገና አስቦ ብዙ አያሠራውም፤ ሁለቱም እጆች ይጨበጣሉ፣ ሁለቱም ይወራጫሉ። ልዩነቱ አፍጥጦ የሚወጣው ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ድረስ፣ ዕቃ ለመያዝ እጅ መዘርጋት ሲጀመር ነው። ወላጆች «ከሆስፒታል ስትወጣ ደህና ነበረች» ሲሉ እውነታቸውን ነው።

እናትየዋ አምስት ወር ገደማ ላይ አንድ ነገር አይታለች። ስታጥባት ቀኝ መዳፏ ውስጥ ክርና እድፍ ተጠራቅሞ ታገኛለች፤ ግራው ንጹሕ ነው። ጎረቤት «ሲቆይ ይፈታል» አለ። አያት ደግሞ የግራው ነገር ነው ያሳሰባቸው፤ ልጅቷ የሰጧትን ሁሉ በግራ ትቀበላለች። በማዕድ ላይ ግራ እጅ ነውር በሆነበት ቤት ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። «በግራዋ እየበላች ማን ማዕድ ያቀርባታል?» ነበር ያሉኝ። ጭንቀታቸው ስለ እጅ ሳይሆን ልጅቷ ነገ ከሰው ጋር ስለመቀመጧ መሆኑን ልብ ብያለሁ፤ በኋላ ጠቅሞናል።

በ9 ወሯ የኩፍኝ ክትባት ልታስከትባት እናቷ ወሰደቻት። ነርሷ ልታባብላት የክትባት ካርዱን በቀኟ በኩል ብትዘረጋላት ሕፃኗ ወገቧን ጠምዝዛ በግራዋ ወሰደችው። ነርሷ ካርዱን መልሳ ደግማ ሰጠቻት፤ አሁንም በግራ። ወደ ሐኪም የላከቻቸው እሷ ናት። ካርድ በየጤና ጣቢያው አለ፤ ይህን ለማየት ሌላ መሣሪያ አላስፈለገም።

ምን አየን

ሕፃናት ቀኝ ወይም ግራ የሚያዘወትሩ መሆናቸው በመጀመሪያው ዓመት አይለይም። በስድስት ወሩ አካባቢ ያለ ሕፃን በቀኙ ያለውን በቀኙ፣ በግራው ያለውን በግራው ይይዛል፤ ብዙም ሳይቆይ ከእጅ ወደ እጅ ማስተላለፍ ይጀምራል። የጸና ምርጫ የሚታየው ከሁለት ዓመት ወዲያ ቀስ በቀስ ነው። እናም ዓመት ሳይሞላው ሁልጊዜ በአንድ እጅ ብቻ የሚጠቀም ሕፃን ሲያጋጥም የሚመረመረው የማይጠቀምበት እጅ ነው። ምክንያቱ ሴሬብራል ፓልሲ ላይሆን ይችላል። በወሊድ ጊዜ የተጎተተ የትከሻ ነርቭ ወይም ያልታየ ስብራት ሊሆን ይችላል። አንዳቸውም ግን «ትንሽ ይቆይ» የሚባልባቸው አይደሉም።

የትከሻ ነርቭ ጉዳት የሚይዘው ክንድን ብቻ ነው። የእኛዋ ልጅ እግሯም ነበረበት፦ ቀኝ እግሯን ከቁርጭምጭሚት በድንገት ወደ ላይ ስገፋው ደጋግሞ ይመታል። ምንጣፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ወደ ግራ ስትዘነበል እጇን ዘርግታ ትደገፋለች፣ ወደ ቀኝ ሲሆን ግን እጅ አይወጣም፣ በጭንቅላቷ ነው የምትደርሰው። አትድኽም፤ በግራ እጇና በግራ እግሯ እየገፋች በመቀመጫዋ ትንፏቀቃለች። ቀኝ አውራ ጣቷ ጭብጧ ውስጥ ተደብቋል። የምትጫወትበትን ነገር ከቀኝ በኩል ቀስ አድርጌ ሳመጣው ዘግይታ ስለምታየው ለዓይን ምርመራ አስላክናት።

ሐኪሟ የሃመርስሚዝ የጨቅላ ሕፃናት የነርቭ ምርመራን አድርጎላታል። ይህ ከሁለት ወር እስከ ሁለት ዓመት ለሆናቸው ሕፃናት የሚውል፣ 26 መመዘኛዎች ያሉት፣ ከ78 የሚቆጠር ምርመራ ነው፤ ማሽን አይፈልግም። በአንድ ጎን ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው ሕፃናት ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 73 ባለው ውስጥ ይወድቃሉ፤ እሷም እዚያው ውስጥ ናት። ኤምአርአይም (የአንጎል ምስል) ታዝዞላት ነበር። ቤተሰቡ ገንዘቡ እስኪሞላ ጠብቆ፣ ሕክምናውንም ከዚያ በኋላ ሊጀምር አስቦ ነበር የመጣው። ይህን አሳብ አስቀየርናቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 የወጣው የቅድመ ልየታ ዓለም አቀፍ ምክረ ሐሳብ፣ ምርመራው ገና ያልተረጋገጠለት ሕፃን «ለሴሬብራል ፓልሲ ከፍተኛ ተጋላጭ» ተብሎ ሕክምናው ወዲያው እንዲጀመር ይላል። ምስሉ ሊጠብቅ ይችላል፤ የሕፃን አንጎል አይጠብቅም። (ኤምአርአዩ ልጅቷ ዓመት ካለፋት በኋላ ተነሣ፤ በግራ አንጎሏ የቆየ ስትሮክ አሳየ። በምንሠራው ላይ የቀየረው ነገር የለም።)

ከዚያ ሦስቱንም ለየብቻ «ምን እንድትችልላችሁ ትፈልጋላችሁ?» አልናቸው። ለዚህ የምንጠቀመው በካናዳ የተዘጋጀ መለኪያ ነው፦ ቤተሰቡ ራሱ ግቡን ይናገራል፣ ዛሬ ምን ያህል እንደምትሠራውና ምን ያህል እንደረካበት ከ1 እስከ 10 ቁጥር ይሰጣል፤ በኋላ ሁለት ነጥብና ከዚያ በላይ ከጨመረ ለውጡ ትርጉም አለው ይባላል። አያት «በቀኟ ትብላ» አሉ። አባት «ትራመድ» አለ። እናት ብዙ ካሰበች በኋላ «ከሥራ ስገባ በሁለት እጇ ትቀፈኝ» አለች። ልጅቷን አንሥታ ስታቅፋት ቀኝ ክንዷ በሁለቱ ደረት መካከል ታጥፎ ይቀር ነበር። ለአፈጻጸሙ 1 ሰጠችው።

ከሦስቱ ለሥራችን የሚመቸው የእናትየው ነበር። ለማቀፍ ትከሻ መከፈት፣ ክርን መዘርጋት፣ መዳፍ መላላት አለበት፤ ቀኑን ሙሉ እናቷን ስትናፍቅ የዋለች ሕፃን ደግሞ ይህን እንድትሠራ ማንም አይለምናትም። በየቀኑ ማታ ይደጋገማል። ይህን የመሰለ ልምምድ ክፍላችን ውስጥ በማንኛውም ውድ መጫወቻ አይገኝም።

ያው ጨርቅ

«እማማ፣ እንዴት እንደሚያስሯት ያሳዩኝ» አልኳቸው። ሳይደብቁ አሳዩኝ። ግራ ክንዷን ከወገቧ ጋር አሰሩና ገንፎውን ከፊቷ አስቀመጡ። ልጅቷ ገንፎውን አየች፣ ግራዋን ሳበች፣ አልመጣም። ቀኟ ከጭብጡ አልተነቃነቀም። ለቅሶዋን ለቀቀችው፤ ፊቷን አዞረች። በመጨረሻ አያት አዘኑላትና በማንኪያ አጎረሷት። ነገሩን በእሷ በኩል ብናየው፣ የምትችልበት እጅ ተወሰደባት፣ የማትችልበት አልታገዘም፣ ገንፎው ግን በሦስተኛ ሰው እጅ አፏ ገባ። ከዚህ የምትማረው ቀኝ እጅ እንደማያስፈልግ ነው።

ኤድዋርድ ታውብ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ በጦጣዎች ላይ ባደረገው ጥናት ያሳየው ይህንኑ ነበር፦ የተጎዳው ክንድ ሞክሮ ሞክሮ ሲያቅተው እንስሳው መሞከሩን ይተዋል፤ በኋላ አቅም ቢኖረውም አይጠቀምበትም። ጤነኛው ክንድ ለጊዜው ተይዞ የተጎዳው በጥቂት በጥቂቱ ሲለማመድ ግን ይመለሳል። ይህን ሐሳብ ለሕፃናት በሚሆን መልክ ያለዘበው በስዊድን ካሮሊንስካ ተቋም ያለው የኦኩፔሽናል ቴራፒስቷ የአን-ክሪስቲን ኤሊያሰን ቡድን ነው። መጠኑ በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት 6 ቀን፣ ለ6 ሳምንት፤ ከዚያ 6 ሳምንት ዕረፍት፤ ከዚያ ያው ይደገማል። ልምምዱን ቤት ውስጥ ወላጅ ይሠራል፤ ቴራፒስቱ እየመጣ ያያል፣ ያርማል።

ለአያት የነገርኳቸው እንዲህ ነው። የሚለበሰው ለስላሳ ጓንት ነው፤ ክንዱ ከአካል ጋር አይታሰርም፣ ብትወድቅ በግራዋ መደገፍ አለባትና። በምግብ ሰዓት አይደረግም፤ የራበው ልጅ አይማርም። ካለቀሰች ይወልቃል። ከመሸፈኑ ይልቅ ደግሞ ሥራው ያለው በዚያ ግማሽ ሰዓት በሚቀርብላት ዕቃ ላይ ነው፦ ቀኝ እጇ ዛሬ የሚችለው፣ ቢበዛ ከዚያ በጥቂቱ የሚከብድ። እጁ ደጋግሞ ካልተሳካለት ጓንቱ የነጠላው ቁራጭ ሆነ ማለት ነው።

ዕድሜውም የራሱ ምክንያት አለው። ስንወለድ እያንዳንዱ እጅ ከሁለቱም የአንጎል ክፍሎች የሚመጡ የነርቭ መስመሮች አሉት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከተቃራኒው ጎን የሚመጣው እየጠነከረ፣ ከዚያው ጎን የሚመጣው እየሳሳ ይሄዳል፤ የትኛው እንደሚያሸንፍ የሚወስነው አገልግሎት ነው። ሜዳ ላይ እንዳለ የእግር መንገድ የሚረገጠው ይሰፋል፣ ያልተረገጠውን ሣር ይውጠዋል። በተጎዳው በኩል የተረፈ መስመር ካለ ሥራ ማግኘት ያለበት በዚህ ጊዜ ነው። በ10 ወር መጀመርና በሦስት ዓመት መጀመር እኩል የማይሆኑት ለዚህ ነው።

አያት ዝም ብለው ሰሙና «እንግዲያው እኔ ነኝ የጎዳኋት?» አሉ። አልጎዷትም፤ የሆነው ነገር የሆነው ከመምጣታቸው በፊት ነው። ከቤቱ ሰው መካከል ደግሞ ሁለቱ እጆች እኩል አለመሆናቸውን እንደ ቁም ነገር የቆጠሩት እሳቸው ነበሩ። ይህንኑ ነገርኳቸው። «በይ እንግዲህ ልጄ፣ ግማሽ ሰዓቱን የምይዘው እኔ ነኝ፤ እናቷ እንደሆነች የለችም» አሉኝ።

ጓንቱ ከመምጣቱ በፊት

ወዲያው ጓንት አላለበስናትም። በመጀመሪያ ቀኗን ነው ያየነው፦ እንዴት ትታዘላለች፣ የት ትቀመጣለች፣ ማን በየት በኩል ያናግራታል፣ እንዴት ትለብሳለች። ኦኩፔሽናል ቴራፒን ብዙ ሰው ከፊዚዮቴራፒ ጋር አንድ ያደርገዋል። በእርግጥ እንተጋገዛለን፤ የዚህች ልጅ እግርና አካሄድ የፊዚዮቴራፒስቱ ሥራ ነበር። እኔ የማየው መብላቷን፣ መታጠቧን፣ መጫወቷን፣ መታቀፏን ነው። የሕፃን ሥራው ይኸው ነውና።

አያት ሲያዝሏት ቀኝ ክንዷ ነጠላው ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀር ነበር፤ አውጥተው በትከሻቸው ላይ እንዲያሳርፉት አደረግን። ማዘሉን ራሱ አልነካነውም፤ እግሮቿ ተከፍተው ስለሚቀመጡ ለዳሌዋ ጥሩ ነው። ሁለት እጇ ነፃ እንዲሆን ደግሞ መቀመጥ ነበረባት፤ ስለዚህ መታጠቢያዋን ሳፋ ደረቁን ግድግዳ አስጠግተን፣ በቀኟ በኩል ፎጣ ጠቅልለን ወሸቅንበት። ከዚያ ውስጥ ስትቀመጥ አትወድቅም፤ መውደቅ ያልፈራ ልጅ እጁን ለጨዋታ ያወጣዋል። አልጋዋ ግድግዳው በግራዋ እንዲሆን ዞረ፤ ሰው ሁሉ የሚመጣው በቀኝ ሆነ። ልብስ ስትለብስ ቀኝ እጅጌ ቀድሞ ይገባል፣ ስታወልቅ ኋላ ይወጣል።

የእጅ አከፋፈቱ ጊዜ ወሰደብን። አያት በቅቤ ያሿታል፤ እሽታው ለስላሳ ስለነበረ ይቀጥል ብለናል። የጭብጡን ጣቶች ግን ከጫፋቸው ይዘው እየጎተቱ ነበር የሚፈቱት። የተወጠረ ጡንቻ ሲጎተት ይብሱን ይጨብጣል፤ አውራ ጣትም ከመገጣጠሚያው ሊጎዳ ይችላል። አንጓውን በቀስታ ወደ ታች አጥፎ፣ አውራ ጣቷን ከሥሩ፣ ከሥጋማው ክፍል ይዞ ወደ ውጭ መምራት ነው፤ ሌሎቹ ጣቶች በራሳቸው ይላላሉ። አያት በሁለተኛው ሙከራ ተካኑበት። እናትየዋ ፈርታ ቆየች፤ የሚሰበር ይመስላት ነበር።

በዚሁ መሐል አባት ባለ ጎማ መራመጃ ገዝቶ መጣ። ሐዋሳ ውስጥ በየግቢው የማይታይበት የለም፤ ሰው ፍቅሩን የሚገልጽበት ዕቃ ሆኗል። ልጅ ቶሎ እንዲራመድ ግን አይረዳም፤ ካናዳ በሚያደርሰው ጉዳት የተነሣ ሽያጩን በ2004 እ.ኤ.አ. ከልክላለች። ለዚህች ልጅ ደግሞ በግራ እግር ብቻ መግፋትንና በቀኝ እግር ጣት መቆምን የሚያስተምር ነበር። ለአባትየው የነገርኩት ይህን ሁለተኛውን ብቻ ነው። ጎማዎቹን አወለቀው፤ ልጅቷ ቆማ የምትጫወትበት ጠረጴዛ ሆነ።

ስድስቱ ሳምንታት

ጓንቱን እናትየዋ ከአሮጌ የጥጥ ካልሲ ሰፋችው። አፉ ላይ የምትወዳትን ዶሮ መሳይ ነገር ጠለፈችበት። ከእኔ ዕቃ ይልቅ የሠራው እሱ ነው፤ ልጅቷ ጓንቱን ራሷ ትፈልገው ጀመር።

በመጀመሪያው ሳምንት መያዝ አልጠየቅናትም። የተገለበጠ ጣሳ በጭብጧ ትመታለች፤ ድምፁ ይወጣል፤ ያ ይበቃል። የነጠላ ጫፍ ፊቷ ላይ ጣል ይደረግና በቀኟ ትገፋዋለች። ቀጥሎ ጥቂት ባቄላ የተጨመረበት ሃይላንድ መጣ፤ ክዳኑ ተጣብቆ፣ ምክንያቱም ባቄላ ለሕፃን ጉሮሮ አደጋ ነው። ወፍራም ዕቃ እንድትይዝ እጇ በሰፊው መከፈት ስላለበት መያዝ የጀመረችው በቀጭኑ ነው፦ የማማሰያ እጀታ፣ ተጠቅልሎ የተሰፋ ጨርቅ። ዕቃው ሁልጊዜ ከፊቷ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ በደረቷ ልክ ይቀርባል። እጇን ይዘን አናስጨብጣትም። እንጠብቃለን። ከጠቅላላው ለቤተሰቡ የከበደው መጠበቁ ነበር፤ ሕፃን ሲታገል እያዩ እጅን መሰብሰብ በእኛ ቤት ያልተለመደ ነው።

አባት በየጊዜው በቴሌግራም ቪዲዮ ይልካል። በአንዱ ቀን ሁለት ሰዓት ላይ በላከው ጓንቱ አለ፤ ስድስት ሰዓት ላይ በላከውም አለ። አያት ጠዋቱን ሙሉ አላወለቁትም ማለት ነው። ስደውልላቸው «ጥቂቱ ከጠቀመ ብዙው አይጠቅምም ወይ?» አሉኝ። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱ ግራ እጇም ገና የሕፃን እጅ መሆኑ ነው። በዚያ ዕድሜ በሁለት ጣት ጥቃቅን ነገር መልቀም እየተማረች ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ከተሸፈነ የምትተማመንበት እጅም ይዘገያል። ከዚህ በላይ ደግሞ ለዕለት ኑሮዋ የሚያስፈልጋት የሁለቱ አብሮ መሥራት ነው፤ አንዱ ተሸፍኖ ያ አይለመድም። አባት በአያት ስልክ ላይ ማንቂያ ሞላ፤ ሲጮህ ጓንቱ ይወልቃል።

በመሐሉ ተቅማጥ ያዛትና ልምምዱ ተቋረጠ። ከዳነች በኋላ የባከነውን በአንድ ቀን ለማካካስ አልሞከርንም፤ ካቆምንበት ቀጠልን።

አራተኛው ሳምንት ላይ ቀኝ እጇ ወደ ዕቃ ሲሄድ ገና ሳይደርስ መከፈት ጀመረ። ይህ ትንሽ ይመስላል። ለእኔ ግን እጁ ዕቃውን አስቀድሞ እያሰበው መሆኑን የሚያሳይ ነው፤ ከነካ በኋላ ብቻ ከሚከፈት እጅ በጣም ይለያል። ማታ ማታ ደግሞ እናቷ ስታነሣት ቀኝ ክንዷ በመሐል መታጠፉን ትቶ ትከሻዋ ላይ ያርፍ ጀመር፤ ዙሩ ሲያልቅ እናትየዋ 1 ያለችውን 5 አለችው። የአያት ግብ ከ1 ወደ 2 ብቻ ነው ያለፈው።

ማዕዱ

ከሁለተኛው ዙር በኋላ፣ ዓመት ከመንፈቅ ስትጠጋ፣ ጓንቱን አስቀምጠን ሁለት እጅ ወደሚጠይቁ ነገሮች ዞርን። ዳቦ በሁለት እጅ መገመስ። ሙዝ በቀኝ ይዞ በግራ መላጥ፤ ለሐዋሳ ልጅ ሙዝ የማይጠፋ መጫወቻ ነው። የሃይላንድ ክዳን መክፈት። ትልቅ ኳስ ማንሣት። ቀኝ እጅ በእነዚህ ሁሉ ረዳት ነው፦ ይይዛል፣ ይደግፋል፣ ግራው ይሠራል። ለአንድ ጎን ሴሬብራል ፓልሲ የምንመኘው ውጤት ይህ ነው፤ ሁለት እኩል እጆች አይደለም።

ይህን ለአያት በግልጽ መናገር ነበረብኝ። እንጀራ በአንድ እጅ መቁረስ ከውጭ ሲታይ ቀላል ነው። ግን አውራ ጣት ከሌባ ጣትና ከመሐል ጣት ጋር ገጥሞ ይይዛል፣ የቀሩት ጣቶች ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ፣ አንጓው ይዞራል፣ ወጡን ጠቅልሎ ሳያፈስ አፍ ያደርሳል። የልጅቷ ቀኝ አውራ ጣት ስትደሰት ወይም ሲጨንቃት ተመልሶ ይደበቃል። በዚያ እጅ እንጀራ መቁረስ ምናልባት ሁልጊዜም አይሆንላት ይሆናል። ግራዋ ግን ከአሁኑ ይችላል።

አያት የዚያን ዕለት ብዙ አልተናገሩም። በሚቀጥለው ስመጣ ነገሩን በራሳቸው መንገድ ጨርሰውት አገኘሁ። ልጅቷ ገበታው ላይ በግራ ጫፍ፣ ከእሳቸው አጠገብ ትቀመጣለች፤ ክርኗ ማንንም አይነካም። ስትበላ ቀኝ እጇ የሳህኑን ጠርዝ ይይዛል፤ ይህንን እኔ አላዘዝኩም። ግራ እጇ ከሁሉም አስቀድሞ በሳሙና ይታጠባል። ከግቢው አንዷ ሴት «ምነው በግራ?» ብትላቸው «ሁለቱም ማዕድ ላይ ናቸው፣ ምን ጎደላት?» ብለው መለሱላት። ግቡን እንደገና ሲመዝኑት ቃሉን ለወጡት፤ «በቀኟ ትብላ» የሚለውን «ከሰው ጋር ትብላ» አደረጉትና 8 ሰጡት። መለኪያው እንዲህ መሐል ላይ ግብ ሲቀየር ንጽጽሩን ያበላሸዋል፤ በዚህ ጉዳይ ግን ከቁጥሩ ይልቅ ለውጡን እመርጣለሁ።

የደረሰችበትና የቀረው

በ19 ወሯ ተራመደች። የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት ለጤነኛ ሕፃናት ያስቀመጠው ክልል ከ8.2 እስከ 17.6 ወር ስለሆነ ዘግይታለች፤ በአንድ ጎን ብቻ የተያዙ ልጆች ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ይራመዳሉና አባትየው የፈራው ያን ያህል የሚያሰጋ አልነበረም። በሁለት ዓመቷ የእጅ አጠቃቀሟን ከአንድ እስከ አራት ዓመት ላሉ ልጆች በተዘጋጀው ሚኒ-ማክስ ስንመድባት ከአምስቱ ደረጃዎች ሁለተኛው ላይ ናት፤ አብዛኛውን ዕቃ ትይዛለች፣ ፍጥነቷና ጥራቷ ግን ይቀንሳል። ንግግሯ ወላጆቿን አስጨንቆ ነበር፤ የተጎዳው ግራ አንጎል ነው መባሉን ሰምተው። ጉዳቱ በወሊድ ሰሞን ሲደርስ ቋንቋ ብዙ ጊዜ በቀኙ የአንጎል ክፍል ቦታ ይይዛል፤ እሷም ሁለት ሁለት ቃል እያያያዘች ታወራለች።

ከዚህ ውስጥ ምን ያህሉ የሕክምናው፣ ምን ያህሉ የዕድገቷ እንደሆነ በአንድ ልጅ መለየት አይቻልም። በቀኝ ሌባና አውራ ጣቷ ጥቃቅን ነገር አትለቅምም። ቁርጭምጭሚቷ እየጠበበ ስለሆነ ለእግሯ መደገፊያ ተለክቶላታል። ሴሬብራል ፓልሲ ካለባቸው ልጆች ከአራቱ አንዱ የሚጥል በሽታ ስለሚኖርበትና እሷም በጨቅላነቷ ተንቀጥቅጣ ስለነበረ፣ ቤተሰቡ ምን ሲያይ ወዴት እንደሚሮጥ ያውቃል። ከሐዋሳ ርቆ ለሚኖር ቤተሰብ ይህን ሁሉ ማግኘት ከባድ ነው። ሙያውን በአገር ውስጥ በዲግሪ ማስተማር የጀመረው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር፣ በቅርብ ዓመታት ነው፤ በየከተማው ያለን ጥቂት ነን።

አባትየው በቅርቡ ስለ ጡንቻ ማላሊያ መርፌ ሰምቶ መጣ፤ አዲስ አበባ ወስዷት ሊያስወጋት ነበር። መርፌው ጡንቻውን ለጥቂት ወራት ያላላል፤ እጁን ሥራ አያስተምረውም። አሁን መዳፏ ሳትገደድ ስለሚከፈት ለእጇ አያስፈልጋትም ብዬዋለሁ። የእግሯ ነገር የተለየ ነው፤ መደገፊያው ካልበቃ ከሐኪሟና ከፊዚዮቴራፒስቱ ጋር እንመለስበታለን። የያዝነው ግብ ሱሪ ነው። ሽንት ቤት ራሷ ለመሄድ በሁለት እጇ ዝቅና ከፍ ማድረግ አለባት፤ በአንድ እጅ ሲጎተት በአንድ ጎን ይቀራል። እናትየዋ በወገቡ ቀኝ በኩል ሰፊ የጨርቅ ማንጠልጠያ ሰፍታበታለች፣ ቀኝ እጇ ገብቶ እንዲስብ። ዝቅ ማድረጉን ችላለች፤ ከፍ ማድረጉ ገና ነው።